በታጣቂዎች ላይ ስለሚወሰድ ወታደራዊ እርምጃ ክርክር ለምትመሩ፦ ከሐዋሳ የተገኘ ተሞክሮ

«ታጣቂ ቡድንን በጦር ኃይል መምታት ይገባል ወይስ አይገባም?» ተብሎ የተከፈተ ክርክር ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ማን ማንን ገደለ ወደሚል ንትርክ ይዞራል። ሐዋሳ ላይ ይሄ ቶሎ ይመጣል። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ወንድሙ መከላከያ ውስጥ ያለ፣ ዘመዶቹ ጎጃም የሚኖሩ፣ መቀሌ ተምሮ የተመለሰ፣ ከሲዳማ ወጥቶ የማያውቅም ወጣት አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ርዕሱ እንዲህ ከሰፋ እያንዳንዱ የራሱን ቁስል ያወራል፤ የሚመልስለት ሰው ደግሞ የሌላ ቁስል ይዞ ይነሣል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እንዲህ ያለ ክርክር ለሚመሩ አወያዮች፣ መምህራንና የወጣት ማኅበር ሰዎች ነው። የሚሠራውንም የሚበላሸውንም ከነምክንያቱ እንጽፋለን።

የምንለው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው። በንጹሐን ላይ የሚደርሰው ጉዳት ስለ ድልና ሽንፈት ተወርቶ ካለቀ በኋላ «እርግጥ ያሳዝናል» ተብሎ የሚጨመር መሆን የለበትም። ክርክሩ መጀመር ያለበት ከእሱ ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ትእዛዝ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ የነበሩ ሰዎች። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ስልትና ወደ ፖለቲካ መውጣት ይቻላል። ከላይ ወደታች የወረደ ክርክር ግን እስከ ሰዎቹ አይደርስም፤ ሰዓቱ ያልቅበታል።

የክርክሩን ሐሳብ ማጥበብ

ጥሩ የክርክር ሐሳብ አንድ አዛዥ ወይም አንድ ባለሥልጣን በማግስቱ «አዎ» ወይም «አይ» ሊለው የሚችል ነው። «ኃይል መፍትሔ አይሆንም» የሚለው ይህን ፈተና አያልፍም። እነዚህ ያልፋሉ፦ «ሰው በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ ባለ የታጣቂ ይዞታ ላይ መድፍና ሞርታር መተኮስ መከልከል አለበት።» «ከጥቃት በፊት ነዋሪው የሚወጣበት መንገድና በቂ ጊዜ መስጠት ግዴታ ይሁን።» «ታጣቂ የሚንቀሳቀስበትን ወረዳ መንገድ፣ ባንክና ስልክ መዝጋት ትክክል አይደለም።» ሦስተኛው ብዙ ሰው ያልለመደው ስለሆነ ሁሌም የተሻለ ክርክር ያመጣል። ቦምብን መቃወምም መደገፍም ሁሉም የተዘጋጀበት ነው፤ ስለተዘጋ መንገድ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ግድ ይላል።

ቁጥሩ ከ24 ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ አራት ቡድን፣ በየቡድኑ ስድስት። ከዚያ ካለፈ የሚናገሩት ያው ጥቂቶች ይሆናሉ። ወንበሩን በክብ አድርጉት፤ ማይክራፎን አታስገቡ። ማይክራፎን የያዘ ሰው ንግግር እንጂ መልስ አይሰጥም። ሐዋሳ ላይ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ስለሚያደክም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሥቶ 5 ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ይሻላል። አዳራሽ ስትጠይቁ በደብዳቤው ላይ ርዕሱን በግልጽ ጻፉት። «የሕይወት ክህሎት ሥልጠና» ብሎ አዳራሽ ወስዶ ስለ ጦርነት መወያየት ለተሳታፊውም ለአዳራሹ ኃላፊም አደጋ ነው። ስልክ ይዘጋ ሳይሆን ቀረጻ አይፈቀድም በሉ፤ ቤተሰቡ ግጭት አካባቢ ያለ ሰው ስልኩን ዝጋ ሲባል ልቡ እዚያ ይቀራል።

አወያዩ፣ ሰዓት ያዡና ጸሐፊው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። የጸሐፊው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል፤ በሰሌዳ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሮ «የተረጋገጠ» እና «የተባለ» እያለ እያንዳንዱን መረጃ ይለያል። ይህ ዓምድ ከሌለ በክርክሩ መሀል የተወረወረ ቁጥር በመጨረሻ እውነት ሆኖ ወደ ቤት ይሄዳል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ከሩቅ ይሁን

ከሀገር ውስጥ ጉዳይ አትጀምሩ። መሸሽ እንዳይመስላችሁ፤ በመጨረሻ መድረሻችን እሱ ነው። ግን ሰው የመመዘኛውን ጥያቄ መልመድ ያለበት ማንም ዘመድ በሌለበት ቦታ ላይ ነው። ለዚህ በኢራቋ ሞሱል ከተማ ያለው የአል-ጀዲዳ ሰፈር ጉዳይ ከሁሉም ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ሁለቱም ወገን የሚይዘው ነገር አለውና።

እውነታው በአንድ ገጽ ይሰጥ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 2017 በምዕራብ ሞሱል የኢራቅ ኃይሎች ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ከሚለው ታጣቂ ቡድን ከአይ ኤስ ጋር እየተዋጉ ነው። በአንድ ቤት ላይ ሁለት አነጣጥሮ ተኳሾች ወጥተዋል። ወታደሮቹ የአየር ድጋፍ ጠየቁ፤ የአሜሪካ አውሮፕላን 227 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የተመራ ቦምብ ጣለ። ቤቱ ተደረመሰ። ከሥር ብዙ ቤተሰቦች ተጠልለው ነበር። የአሜሪካ ጦር ራሱ ባደረገው ምርመራ ቢያንስ 105 ሲቪሎች መሞታቸውን አመነ። ምርመራው ሕንፃውን ያፈረሰው ታጣቂዎቹ አስቀድመው ያከማቹት ፈንጂ ነው አለ፤ ከነዋሪዎቹ ይህን ያልተቀበሉ አሉ። ቀደም ብሎ መንግሥት ነዋሪው ከቤቱ እንዳይወጣ በራሪ ወረቀት በትኖ ነበር፤ አይ ኤስ ደግሞ የሚሸሸውን ይተኩስበት ነበር።

ገጹ ለ10 ደቂቃ በዝምታ ይነበብ። ከዚያ በየቡድኑ አንዱ አዛዥ፣ አንዱ የሕግ አማካሪ፣ ሁለቱ የቤቱ ነዋሪ፣ አንዱ ከታች የሚተኮስበት ወታደር፣ አንዱ ደግሞ ጸሐፊ ይሁን። ወታደሩን አትርሱ። እሱ ከሌለ ክርክሩ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ብቻ ይሆናል፤ ጓደኛው አጠገቡ ሲወድቅ ያየ ሰው የሚያቀርበው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይመለሱ። አንደኛ፣ የተመታው ኢላማ ወታደራዊ ነበር ወይ? እዚህ መልሱ ቀላል ነው፤ ነበር። ሁለተኛ፣ በዚያ ሰዓት አዛዡ ያወቀው ወይም ማወቅ የነበረበት የሲቪል ጉዳት ሁለት ተኳሾችን ከማስወገድ ከሚገኘው ጥቅም አንጻር ከመጠን ያለፈ ነው ወይ? ሦስተኛ፣ ጉዳቱን ለመቀነስ ሊወሰድ ይችል የነበረ ጥንቃቄ ቀርቷል ወይ? ሌላ አቅጣጫ፣ ሌላ ሰዓት፣ ትንሽ መሣሪያ፣ ተጨማሪ ቅኝት፣ ወይም ማለፍ።

የሚበላሸው ሁለተኛው ላይ ነው። ሰው «105 ሰው ሞቷል፤ ስለዚህ ወንጀል ነው» ይላል። ሕጉ ውሳኔውን የሚመዝነው ውሳኔው ሲሰጥ በታወቀውና መታወቅ በነበረበት ነው፤ ኋላ በተቆጠረው አስከሬን አይደለም። ይህን ስታስረዱ ክፍሉ ይቆጣል፤ መቆጣቱ ልክ ነው። ያኔ «መታወቅ ነበረበት» ወደሚለው ሐረግ መልሷቸው። ነዋሪው ቤቱ እንዲቆይ የነገረው መንግሥት ራሱ ከሆነ፣ ቤቶቹ ባዶ ናቸው ብሎ ማሰብ ይቻል ነበር ወይ? ክርክሩ እዚህ ላይ ሕይወት ይዘራል፤ 25 ደቂቃ ብትሰጡት አይባክንም።

ጊዜ ካለ ሁለት አጫጭር ጉዳዮች ጨምሩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2021 ካቡል ውስጥ አንድ የአሜሪካ ድሮን ፈንጂ ጭኗል የተባለ መኪና መታ፤ የሞቱት 10 ሲቪሎች ናቸው፤ ሰባቱ ሕፃናት። ጦሩ መጀመሪያ ትክክለኛ ጥቃት ነው ብሎ ነበር፤ ስህተቱን ያመነው ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ነው፤ ያመነውም ጋዜጠኞች ከመረመሩት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 2023 ደግሞ በናይጄሪያ ካዱና ግዛት ቱዱን ቢሪ በሚባል መንደር የመውሊድ በዓል ላይ የተሰበሰቡ ሰዎችን የሀገሪቱ ጦር ድሮን ሽፍቶች ናቸው ብሎ መታቸው፤ ቢያንስ 85 ሰው ሞተ። እነዚህ ሁለቱ የሚያስተምሩት ከሞሱል የተለየ ነው። እዚህ የተሳሳተው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ኢላማው ራሱ ታጣቂ አልነበረም። ከላይ ሲታይ የሰዎች ስብስብ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ሠርግም፣ ለቅሶም፣ ሰልፍም፣ ሠፈርም።

ስለ ሕጉ ማወቅ የሚበቃው

አወያይ ጠበቃ መሆን አይጠበቅበትም፤ ግን አምስት ነገር ሳይይዝ መግባት የለበትም። በአንድ ሀገር ውስጥ በመንግሥትና በታጣቂ ቡድን መካከል የሚደረግ ውጊያ በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 ይገዛል፤ ታጣቂውንም ይገዛል። የ1977ቱ ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 13 ሲቪል ኢላማ እንዳይሆን፣ አንቀጽ 14 ሰላማዊውን ሕዝብ ማስራብ የጦርነት ዘዴ እንዳይሆን፣ አንቀጽ 17 ያለ በቂ ምክንያት ሕዝብ እንዳይፈናቀል ይከለክላል። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 270 ደግሞ በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ይቀጣል።

ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ለታጣቂ እንጀራ የሰጠ ገበሬ ሲቪል ነው ወይ?» የሚል ነው። ነው። በፍቅር ይስጥ፣ በጠመንጃ ተገዶ ይስጥ፣ ምግብ ስለሰጠ ብቻ የሚተኮስበት አይሆንም። ወንጀል ሠርቷል ከተባለ ቦታው ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። ሲቪል ጥበቃውን የሚያጣው በውጊያው በቀጥታ ሲሳተፍ፣ ያውም በተሳተፈበት ጊዜ ብቻ ነው። ኮረብታ ላይ ሆኖ የጦሩን እንቅስቃሴ በስልክ እያቀበለ ጥቃት የሚያስመራ ሰው ግን ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክርክር ክፈቱት፤ ተሳታፊው ብዙ ያተርፍበታል። «ያ መንደር የእነሱ ነው» የሚለው አነጋገር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚገባው ያኔ ነው።

«እነሱ ሕዝብ ውስጥ ይደበቃሉ» የሚለው መከራከሪያ ሁልጊዜ ይመጣል። እውነትነት አለው፤ በሕዝብ መከለል ራሱ የተከለከለ ነው፤ የሠራውም ይጠየቅበታል። ነገር ግን አንዱ ወገን ሕግ መጣሱ የሌላውን የጥንቃቄ ግዴታ አያነሣም። የሞቃዲሾ ባካራ ገበያ ጥሩ ምሳሌ ነው። አል-ሸባብ ከገበያው ሞርታር ይተኩስ ነበር፤ የአፍሪካ ኅብረት ኃይልም ወደዚያው አጸፋ ይመልስ ነበር፤ መሀል ላይ የሚሞተው ሸማችና ነጋዴ ነው። ከብዙ ወቀሳ በኋላ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ2011 የሞርታርና የመድፍ አጠቃቀሙን የሚገድብ መመሪያ አወጣ፤ በ2015 ደግሞ የሲቪል ጉዳት የሚመዘግብ ክፍል አቋቋመ። አል-ሸባብ በ2011 ነሐሴ ወር አብዛኛውን ሞቃዲሾ ለቆ ወጣ። ስለዚህ «ጥንቃቄ ካደረግን እንሸነፋለን» የሚለውን በዚህ መመርመር ይቻላል። ኢትዮጵያ በዚያ ኃይል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ስለገባች፣ ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚያው ሚዛን አል-ሸባብ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2017 በሞቃዲሾ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያፈነዳው መኪና ከ500 በላይ ሰው እንደገደለ መነሣት አለበት። የታጣቂውን ግድያ ዘሎ የመንግሥትን ብቻ የሚቆጥር አወያይ ግማሹን ክፍል በመጀመሪያው ሰዓት ያጣዋል፤ ማጣቱም ተገቢ ነው።

ቁጥሮች የሚያሳስቱበት መንገድ

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። «ነሐሴ 2015» ሲባል ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በአውሮፓ ይሰማል፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ። በየወረቀቱ ላይ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ሳይባል ቀን አይጻፍ። ሁለተኛው የሞቱና የቆሰሉ ተደምረው የቀረቡበትን ቁጥር እንደ ሟች ብቻ ማንበብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ሁለትና ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ሦስተኛው «ቢያንስ» የሚለውን ቃል መጣል ነው። መርማሪ «ቢያንስ 45» ሲል በስምና በምስክር ያረጋገጠውን እንጂ ሁሉንም ማለቱ አይደለም።

አራተኛው ከሁሉም የሚከፋው ነው፦ «ይህን ያህል ታጣቂ ተደመሰሰ» የሚለው መግለጫ። ጦር በሬሳ ቁጥር ሲመዘን ምን እንደሚመጣ ኮሎምቢያ አሳይታለች። ወታደሮች ሽልማትና ፈቃድ ለማግኘት ድሃ ወጣቶችን በሥራ ስም አታልለው ገድለው፣ የሽምቅ ተዋጊ ልብስ አልብሰው እንደ ግዳይ አቅርበዋል። የሀገሪቱ ልዩ የሰላም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 ድረስ ብቻ 6,402 ሰዎች እንዲህ መገደላቸውን ገልጿል። ይህ ቁጥር በክፍሉ ውስጥ ሲነገር ዝም የማይል ሰው አይተን አናውቅም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ጠቃሚ ነው፦ የድል መለኪያው የሟች ቁጥር ካልሆነ ምን ይሁን? የተከፈተ ትምህርት ቤት? ያለ አጀብ የሚሄድ አውቶቡስ? ወደ ቤቱ የተመለሰ ተፈናቃይ? ቡድኖቹ የራሳቸውን መለኪያ ይጻፉ።

በጥይት ያልሞቱት

አብዛኛው ክርክር ፍንዳታው ሲያበቃ ያቆማል። የሚገድለው ግን ከዚያም በኋላ ነው። ይህን ክፍል በደንብ የሚረዳው የገጠር ልጅ ስለሆነ ንግግሩን ለእሱ ስጡት፤ በመጀመሪያው ሰዓት ዝም ያለው ሰው እዚህ ይከፈታል።

ለቡድኖቹ አንድ የፈጠራ ቀበሌ ስጡ። 200 አባወራ፣ በአንድ ቤት በአማካይ አምስት ሰው፣ አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ የሐሙስ ገበያ፣ ወደ ወረዳው ከተማ የሚወስድ አንድ ጠጠር መንገድ። ታጣቂዎች አካባቢው ገብተዋል፤ መንገዱ ለስድስት ሳምንት ተዘግቷል። ጥይት አልተተኮሰም በሉ። ከዚያ ወር እየቀያየሩ ጉዳቱን ያስሉ። መንገዱ የተዘጋው በሰኔና በሐምሌ ከሆነ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አይገባም፤ ረኃቡ የሚመጣው ግን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያኔ ማንም ከመንገዱ ጋር አያያይዘውም። በጥቅምትና በኅዳር ከሆነ እሸት ቡናው መሬት ይረግፋል፤ የዓመት ገቢ ይሄዳል። የስኳር በሽተኛው ኢንሱሊን ያልቅበታል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስደው ያቋርጣል። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ አታገኝም። የኩፍኝ ክትባት ያመለጣቸው ሕፃናት ሲጠራቀሙ ወረርሽኙ ከወራት በኋላ ይነሣል። ባንክ ከተዘጋ አረብ ሀገር ያለችው ልጅ የላከችው ገንዘብ አይደርስም። ስልክ ከተዘጋ «ውጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ራሱ አይሰማም፤ ይህ ነጥብ አዛዥ ሆነው የሚጫወቱትን ሁሌም ያስደነግጣቸዋል።

እዚህ ለሲዳማና ለወላይታ ልጆች እንሰቱን አንሡላቸው። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ አራትም ሰባትም። ጓሮ የተለያየ ዕድሜ ያለው ተክል ይዞ ነው ቤተሰቡን የሚያቆየው፤ ዘንድሮ የሚፋቅ፣ ከርሞ የሚፋቅ፣ ገና የሚዛወር ችግኝ። ቤተሰቡ ከተፈናቀለና ጓሮው ከተጨፈጨፈ ወይም ያልበሰለው ሳይቀር ከተፋቀ፣ መመለሻ መንገዱ ሲከፈት የሚበላ የለም። የበቆሎ ማሳ ዝናብ ካገኘ በአንድ ክረምት ይመለሳል፤ የእንሰት ጓሮ ግን እንደዚያ አይደለም። «ተፈናቃዮች ወደ ቀያቸው ተመለሱ» የሚለው ዜና ለምን የጉዳቱ ማብቂያ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም። በሌሎች አካባቢዎች የእርሻ በሬን አስቡ፤ ሁለት በሬ የተነዳበት ገበሬ መሬቱ ቢኖርም የሚያርስበት የለውም።

ይሠራል ወይስ አይሠራም?

የኃይል ደጋፊው ወገን ጠንካራ ማስረጃ ይገባዋል፤ ደካማ ተከራካሪ ማሸነፍ ማንንም አያስተምርም። ስሪ ላንካን ስጧቸው፤ የታሚል ነብሮች የሚባሉት የሀገሪቱ ታጣቂዎች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 በጦር ኃይል ከሥራቸው ተነቅለዋል። ያንኑ ወረቀት ገልብጡትና የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ቡድን በመጨረሻዎቹ ወራት እስከ 40,000 የሚደርሱ ሲቪሎች ሞተው ሊሆን ይችላል ማለቱ ይነበብ፤ ከተኩስ ነፃ ተብለው በተከለሉ ቦታዎች ላይ ጭምር ተተኩሷል። አንዱ ማስረጃ ሁለቱንም ወገን ሲያገለግል ክርክሩ ይከብዳል፤ እንዲከብድም እንፈልጋለን።

ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጥናት ከ1968 እስከ 2006 የነበሩ 648 የሽብር ቡድኖችን ተመልክቷል። ካከተሙት 268 መካከል 43 በመቶው ወደ ፖለቲካ ገብተው፣ 40 በመቶው በፖሊስና በመረጃ ሥራ፣ 10 በመቶው ግባቸውን አሳክተው፣ 7 በመቶው ብቻ በጦር ኃይል ነው ያበቁት። ተቃዋሚው ወገን ይህን እንደ መዶሻ ይጠቀምበታል፤ አወያዩ ሊያስቆመው ይገባል። በቆጠራው ውስጥ ጥቂት አባል ያላቸው ቡድኖች አሉ፤ ሰፊ መሬት ይዘው የሚዋጉትን ብቻ ለይተን ብናይ የጦር ኃይሉ ድርሻ ከፍ ይላል።

ጭፍን ጥቃት ጠላት ያበዛል የሚለውም እንደ ቀኖና አይነገር። በኢራቅ የተደረገ ጥናት የውጭ ጦር ሲቪል በገደለ ማግስት በአካባቢው ጥቃት እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ታጣቂዎቹ ሲቪል ሲገድሉም እነሱ ራሳቸው ድጋፍ አጥተው ጥቃታቸው ይቀንሳል። በቼቺኒያ የተደረገ ሌላ ጥናት ግን በመድፍ ከተመቱ መንደሮች የተነሣው ጥቃት ካልተመቱት ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ይህን የምንደብቅ ከሆነ ንጹሐንን የምንጠብቀው ስለሚጠቅመን ብቻ ነው ማለት ነው፤ የማይጠቅም የመሰለ ቀን እንተዋቸዋለን። የእኛ አቋም የሲቪል ጥበቃ በጥቅም ስሌት ላይ መቆም የለበትም የሚል ነው፤ ይህንንም ለተሳታፊዎች አቋማችን መሆኑን ገልጸን እንናገራለን።

ትእዛዝ ሲቀየር የሟች ቁጥር እንደሚቀየር ግን ማሳየት ይቻላል። አፍጋኒስታን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የውጭው ኃይል አዛዥ በመኖሪያ ቤቶች ላይ የአየር ጥቃትን የሚገድብ መመሪያ አወጡ። በተባበሩት መንግሥታት ቆጠራ በመንግሥትና በአጋሮቹ የተገደሉ ሲቪሎች በ2009 ከነበሩት 596 በ2010 ወደ 440 ወረዱ፤ ያውም ውጊያው እየበረታ ባለበት ዓመት። በዚያው ዓመት አብዛኛውን ሲቪል የገደሉት ታጣቂዎቹ ነበሩ። ሁለቱም አንድ ላይ ይነገሩ።

ወደ ሀገር ቤት ሲመጣ

የመጨረሻው ሰዓት የኢትዮጵያ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ጉዳይ የሚቀርበው በጥንድ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ተገደሉ፤ መንግሥትና ከጥቃቱ የተረፉ ሰዎች የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊትን ከሰሱ፤ ቡድኑ አልሠራሁም አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በመራዊ ከፋኖ ጋር ከተደረገ ውጊያ በኋላ የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ቢያንስ 45 ሲቪሎችን መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ገለጸ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በማይካድራ በሲቪሎች ላይ የተፈጸመው ግድያ፤ በገና ቀን 2014 ዓ.ም. በደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ላይ የወረደው የአየር ጥቃት። እያንዳንዱን በእነዚያው ሦስት ጥያቄዎች አሳልፉት። ማን ቆጠረ፣ ማን አስተባበለ፣ ማን ቦታው ድረስ ሄደ የሚለው በሰሌዳው ላይ ይጻፍ። ቡድኖችን ሁሉም በሚቀበለው ወይም ራሳቸው በሚጠሩበት ስም ጥሩ፤ «ብሔር» የሚለው ለታጣቂ ቡድን ምትክ ሆኖ ከገባ ሰዓት ያዡ ያስቁም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በመግቢያው ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ ለማስፈራራት ሳይሆን ሰው ከክፍሉ ውጭ የሚጽፈውን እንዲያስብበት።

ስለ ድርድርም ይነሣል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ በሰሜን የነበረውን ትልቁን ውጊያ አስቁሟል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በታንዛንያ ከኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ጋር የተደረጉት ሁለት ዙሮች ያለ ስምምነት ተበትነዋል። ሁለቱን ሳያነጻጽሩ «መደራደር ነው» ወይም «ድርድር አይሠራም» ማለት ቀላል ነው። ያነጻጽሩ።

በሲዳማ የአፊኒ ሥርዓት ነገሩ ከሁሉም ወገን ሳይሰማ ሽማግሌ አይፈርድም። ከዚህ የወሰድነው አንድ ደንብ አለ፦ በዚህ ሰዓት ማንም ከመመለሱ በፊት ከእሱ በፊት የተናገረው ሰው ያለውን ደግሞ ይናገራል፤ ያ ሰው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» ካላለ መመለስ አይችልም። ያዘገያል። ጩኸቱንም ከምናውቀው ማንኛውም ዘዴ በላይ ይቀንሳል፤ ሊመታ የተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ የሌላውን ሐሳብ በራሱ አፍ ማውጣት ስላለበት።

ሐዘን ያለበት ሰው በክፍሉ አለ ብላችሁ ግቡ። ከመጀመራችሁ በፊት መውጣት እንደሚፈቀድ፣ ምክንያት እንደማይጠየቅ ንገሩ። ሁለት ሰው በር አካባቢ ይቀመጥ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ቢሆኑ ይመረጣል። የወጣውን ተከትለው ውሃ ይስጡት፤ ዝም ብለው አብረውት ይቁሙ፤ ከተናገረ ያድምጡት። «በርታ»፣ «እግዜር ያውቃል» እያሉ ነገሩን ለመዝጋት አይጣደፉ፤ ምን ሆነ ብለውም አይመርምሩት። ክርክሩ ሲያልቅ ማን ጋ እንደሚያድር ይጠይቁት፤ በሳምንቱ ይደውሉለት። የአስከሬን ፎቶና ቪዲዮ በፍጹም አታሳዩ፤ ሐዘንተኛውን ያቆስላል፤ ሌላውን ያደነዝዛል። ብዙዎቹ ምስሎችም ከሌላ ሀገርና ከሌላ ዓመት የመጡ ናቸው።

ድምፅ አሰጣጥ አናደርግም። በምትኩ እያንዳንዱ ተሳታፊ ስሙን ሳይጽፍ በቁራሽ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፦ የያዘውን አቋም የሚያስቀይረው ምን ዓይነት ማስረጃ ነው? ባዶ ወረቀት የሚመልሱ አሉ፤ እነሱንም አስቀምጡ። በ«የተባለ» ዓምድ ሥር የቀሩትን መረጃዎች ጸሐፊው በንጹሕ ወረቀት ይገልብጣቸው፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ሰው ተመድቦ ያጣራቸው፤ ስብሰባውም በእነሱ ውጤት ይጀመር።